አማልክት ቤት በሌሉበት ሳምንት

ዓርብ ዕለት ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ የምወደውን ሰው ላዋርድ ቀይ ሹራቤን ለበስኩ። ቀዩን የመረጥኩት እሱ ስለሚወደው ነው። ልቡ የሚደማ ከሆነ በደንብ ይድማ ብዬ።

አታፍሪም ወይ የምትሉኝ ካላችሁ ቆዩኝ፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ከዚያ ትፈርዱብኛላችሁ።

ስሜ ዚንትሌ ይባላል፤ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ነኝ። ጄጁ ደሴት ላይ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሌላው ሰው ወደዚህ ደሴት የሚመጣው ለጫጉላ ሽርሽር ነው፤ እኔ ለእንጀራ መጣሁና ልቤን ጥዬ ቀረሁ። ልቤን ያነሳው ቡ ቴሆ የሚባል ሰው ነው። ቴሆ ከሟች አባቱ የወረሰውን የመንደሪን መጋዘን አጽድቶ ለልጆች የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት አደረገው። እኔ የመጀመሪያ አስተማሪው ነበርኩ። ጠረጴዛዎቹን እሱ በእጁ ሠራቸው፣ እኔ ቢጫ ቀለም ቀባኋቸው። ዝናብ ሲዘንብ ግድግዳው እስከ ዛሬ መንደሪን መንደሪን ይሸታል።

ሁለት ዓመት ተዋደድን። ማንም አያውቅም ነበር። ቴሆ የበኩር ልጅ ነው፤ የበኩር ልጅ ሚስት ደግሞ የአያት ቅድመ አያት መታሰቢያ ማዕድ የምታሰናዳ፣ የዘሩን መቃብር የምትጠብቅ ሴት ናት። እኔ ጥቁር፣ የባዕድ አገር ሴት፣ ሩዙን ራሱ አንዳንዴ የማሳርር ነኝ። እናቱ ወይዘሮ ያንግ ደግሞ ፊታቸው የማይፈታ ሴትዮ ናቸው። ታገሺ እያለኝ ታገስኩ።

ባለፈው መስከረም ግን ራሱ ነው ነይ ያለኝ። ከመኸሩ በዓል ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የቴሆ ዘመድ፣ የቡ ዘር በሙሉ ተሰብስቦ የመቃብሮቹን ሣር ያጭዳል፤ ከባሕር ማዶ ሳይቀር ለዚያ ቀን የሚመጣ አለ። እኔም ማጭድ ገዛሁ፣ ጓንት ገዛሁ፣ ሄድኩ። አርባ የሚሆን ሰው ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። አንድ ሽማግሌ አጎቱ ቀና አሉና እኔን አይተው፣ ይህቺ ደግሞ ማን ናት ብለው ጠየቁት። ቴሆ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር፤ እኔ እምላለሁ ሌላ ነገር ነበር። ከአፉ የወጣው ግን፣ «የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ናት» የሚል ነው።

ማጭዴን ሣሩ ላይ አስቀምጬ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስልኩን ዘጋሁበት። ትምህርት ቤት እሱ በገባበት ክፍል እኔ አልቆይም፤ በአንዱ በር ሲገባ በሌላው እወጣለሁ። በዓሉ ደርሶ ሰው ሁሉ ከዘመዱ ጋር ሲበላ፣ እኔ ከእነሱ ቤት የሦስት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጬ የታሸገ ፓስታ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ በላሁ። ምናልባት ይመጣ ይሆናል ብዬ በሩን አልቆለፍኩም ነበር። አልመጣም። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንገናኝ ጎንበስ አለና፣ «እንደምን አደሩ፣ መምህርት» አለኝ።

አደሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ ያለኝ ሰው አንቱ አለኝ። ያን ጊዜ ነው የማልኩት።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ብቻ ያዝኩ። አራት ወር አበሰልኩት። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊታችን፣ ባለ አራት ፎቅ አዲስ ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ ባለቤቱ ኮንትራቴ ጥር መጨረሻ ላይ ሲያልቅ ወደ እሱ እንድዞር ለመነኝ፤ እሺ አልኩ። ለዚህ ደግሞ የቀድሞ አሠሪ መልቀቂያ መፈረም አለበት፤ ያለ መልቀቂያ የውጭ ዜጋ መምህር የትም አይቀጠርም። ቴሆ እንዲያስቸግረኝ፣ እንዲለምነኝ፣ እንዲጮህብኝ ስጠብቅ ወረቀቱን ቆሞ ፈረመልኝ። በሁለት እጁ አቀበለኝና «መልካም ዕድል ይግጠምዎ» አለኝ። ይኼ ደግሞ ከሁሉ ባሰ።

ያኔ ብቻዬን መሄድ አነሰኝ። የጁኖን እናት ሾርባ ጋበዝኳት። የጁኖ እናት ማለት ሌሎቹ እናቶች ሁሉ የሚከተሏት ሴት ናት፤ ጠዋት በስልክ የጻፈችውን ማታ ሠፈሩ በሙሉ ይደግመዋል። ወደ ማዶ ልሄድ ነው አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ ትምህርት ቤቱ ማለት አንቺ አይደለሽም ወይ፣ ልጄን ለባዶ መጋዘን ነው እንዴ የምልከው አለችኝ። በሳምንቱ ከአርባ አንዱ ተማሪ የሃያ ሦስቱ እናቶች ተስማሙ። እንዴት እንደሚወጡም ተነጋገርን። በየፊናቸው አይደለም። ዓርብ ወላጆች ክፍል ገብተው ትምህርት በሚያዩበት ቀን፣ እሱ ፊት፣ በአንድ ጊዜ።

ሳምንቱንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። የምኖረው ሳምቹን ቹንጃ ግቢ ውስጥ፣ ደጅ ካለው ክፍል ነው። ሳምቹን ማለት አጎቴ እንደማለት ነው፤ በዚህ ደሴት ግን በዕድሜ የገፋ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ሳምቹን ነው የሚባለው። ሳምቹን ቹንጃ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አሁንም ባሕር ጠልቀው ቀንድ አውጣ የሚለቅሙ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ምላሳቸው ግን ምላጭ የሆነ ሴት ናቸው።

ኅዳር ላይ ከፍሪጄ ጀርባ የሆነ ነገር ሸተተኝ። ፍሪጁ በግድግዳ መሃል ባለች ጠባብ ቦታ ተሰንቅሮ የቆመ ነው። ልጎትተው ስታገል ሳምቹን ከባሕር መምጣታቸው ነበር፤ የዋና ልብሳቸው ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመው ተቆጡ።

«ተዪ አልኩሽ! አማልክቱ ቤት ናቸው። አሁን ከባድ ዕቃ ብታንቀሳቅሺ በሽታ የሚጥሉት እኔ ላይ ነው። ባሌ የሞተው ያለ ጊዜው ቁም ሣጥን አዙሮ ነው።»

«ባለቤትዎን የገደላቸው መጠጥ ነው ሲሉኝ አልነበር?»

«መጠጡንስ ያስጀመረው ምን ሆነና? ቁም ሣጥኑ ነው።»

ሳቅኩና ተውኩት። ደግሞም እዚህ ደሴት ላይ ማንም ቤት አይቀይርም፣ ግድግዳ ላይ ሚስማር እንኳ አይመታም፤ ጥር መጨረሻ ላይ ያሉት ስምንት ቀናት እስኪመጡ ይጠበቃል። በእነዚያ ቀናት አሮጌዎቹ አማልክት ሥራቸውን ሊያስረክቡ ወደ ሰማይ ይወጣሉ፣ አዲሶቹ ገና አልወረዱም። ደሴቱ ባለቤት የለውም። ሰው ሁሉ የሚቀይረውን ቤት የሚቀይረው፣ የሚያፈርሰውን የሚያፈርሰው ያኔ ነው። «በነዚያ ቀናት የሠራሽውን ከላይ ሆኖ ማንም አይጽፍብሽም» ብለውኛል ሳምቹን። እኔም ሰማኋቸው።

እንግዲህ ዓርብ አስር ሰዓት። እናቶቹ ከክፍሉ ጀርባ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ቴሆ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሹራቤን ሲያይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ክፍሉ እንደ ሁልጊዜው ሞቋል፤ ጠዋት ስገባ ምድጃው ሁሌም ተለኩሶ ነው የምደርሰው። አስተማርኩ፣ ልጆቹ ዘመሩ፣ እናቶች አጨበጨቡ። ከዚያ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከመንገዱ ማዶ እንደምገኝ ነገርኳቸው።

የጁኖ እናት ተነሳች፤ የመሰናበቻ ወረቀቷን በሁለት እጇ አቀበለችው። በሁለት እጁ ተቀበላትና ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ እስከ ዛሬ ስላመኑን እናመሰግናለን አላት። ሁለተኛዋ ተነሳች። ሦስተኛዋ። ለእያንዳንዷ ከወገቡ ዝቅ፣ ለእያንዳንዷ ያንኑ ቃል። ሃያ ሦስት ጊዜ። አስራ አምስተኛዋ ላይ ጆሮው ቀልቶ ነበር፤ ሃያኛዋ ላይ ከንፈሩ ነጭ ሆነ። ሁሉም ሲወጡ ለእኔም ዝቅ አለና፣ «ስላስተማሩልን እናመሰግናለን» አለኝ።

አልዋሻችሁም፤ ጣፈጠኝ። ለአርባው ሰው ፊት ሃያ ሦስት እናት መለስኩለት ብዬ መንገድ ለመንገድ ለብቻዬ ሳቅኩ። ሳቁ እስከ ግቢው በር አብሮኝ መጣ። ከበሩ በኋላ ግን ሹራቤን አውልቄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ስላልገባኝ በራሴ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዬን የማዶው ትምህርት ቤት ወደሰጠኝ አዲስ ቤት የሚወስደው የጭነት መኪና መጣ። በዚህ ሳምንት መኪና ማግኘት ሎተሪ ነው፤ ሹፌሩ ገና አራት ቤት ይቀረኛል እያለ ያጣድፈኛል። ልብሴና መጻሕፍቴ ተጫኑ። መጨረሻ ላይ ፍሪጁ ቀረ። ሹፌሩ በአንድ በኩል እኔ በሌላ ሆነን ጎተትነው፤ እየተንቋቋ ወጣ።

ከጀርባው አቧራ፣ አንድ እርሳስ፣ ጠቁሮ የደረቀ መንደሪን ነበር። ከመንደሪኑ ሥር ደግሞ ፖስታ። አነሳሁት። ስሜ ተጽፎበታል። የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለገኝም።

«ይኼማ የዚያ የመስከረሙ ነው» አሉ ሳምቹን ከኋላዬ።

«የቱ የመስከረሙ?»

«የቡ ልጅ ያመጣው ነዋ። ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው። አንቺ ሥራ ነበርሽ፤ እንዳይረገጥ ብዬ ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩልሽ። ስወጣ ነፋሱ በሩን ከእጄ ነጥቆ ወረወረው፣ ቤቱ ሁሉ ተናጋ። በነገታው ሳይ ፍሪጁ ላይ የለም። አንብባዋለች አልኩ።»

«አንድ ቀን እንኳ እንዴት አይጠይቁኝም፣ ሳምቹን?»

«ፊትሽን እያየሁ? አራት ወር እንደ ጠቆረ ሰማይ ከርመሽ? ክፉ ወሬ ጽፎላት ነው ብዬ ቁስልሽን ላለመንካት ዝም አልኩ።» ድምፃቸው ሰለለ። «ኅዳር ላይ ስትጎትቺው ደግሞ ያስቆምኩሽ እኔው ነኝ። ምነው እጄን በሰበረው።»

ፖስታውን ቀደድኩት።

«ዚንትሌ፣

መቃብሩ ፊት የተናገርኩትን ሰምተሻል። አጎቴ ሲጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ቃል ነበር፤ ፈራሁና ዋጥኩት። ፈሪ ሆንኩ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

እሑድ ለእናቴ ነገርኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ስትነሳ፣ ለዓርቡ በዓል ስንት ሳህን ይቀመጥ ብላ ጠየቀችኝ። አንቺን ጨምሬ ነገርኳት።

ዓርብ ጠዋት ነይ። አጎቶቼ ሁሉ ባሉበት ማን እንደሆንሽ በገዛ አፌ እናገራለሁ። ማጭድሽ እኔ ጋ ነው፤ እንዳይዝግ ዘይት ቀብቼዋለሁ።

ካልመጣሽ መልስሽን አውቀዋለሁ፤ ደግሜ አላስቸግርሽም። ከሰኞ ጀምሮ እንደ ማንኛዋም መምህርት በክብር እጠራሻለሁ። ለእኔ ከባድ ይሆናል፤ ግን እለምደዋለሁ።

ቴሆ»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሳምቹንም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስጨርስ መሬት መሬት እያዩ፣ «አማልክቱ ትናንት የሠራሽውን አላዩም ይሆናል። ልጁ ግን አይቷል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ» አሉኝ።

ሹፌሩን ወደ አዲሱ ቤት ሳይሆን ወደ መጋዘኑ ንዳ አልኩት። መንገድ ላይ ለማዶው ባለቤት ደወልኩና እንደማልመጣ ነገርኩት። ሰውዬው ጮኸ፤ ይጩኽ። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚያልቀው ከኮንትራቴ ጋር ነው፤ ከሥራ ውጭ ሆኜ ደሴቱ ላይ የሚቀረኝ ከሳምንት ያነሰ ጊዜ ነው። ይህን እያወቅኩ ነው የደወልኩት። ሹፌሩ በበኩሉ እዚህ እቆማለሁ አላልሽም ብሎ አጉረመረመ፤ ዕቃዬን በሙሉ መጋዘኑ በር ላይ አራግፎ፣ ፍሪጄን ደጅ ገትሮ ሄደ። ማዶ ካለው ትምህርት ቤት መስኮት ሰዎች ያዩኛል። ሰማዩ ጠቁሯል።

ወይዘሮ ያንግ ውስጥ ሆነው ጥቁር ሰሌዳውን ይጠርጋሉ። ሲያዩኝ እጃቸውን አላቆሙም። «የበዓሉ ቀን ሾርባውን ሦስት ጊዜ አሞቅኩት» አሉ ወደ ሰሌዳው ዞረው። «ለባሌ እንኳ ሁለት ጊዜ አሙቄ አላውቅም። ሽማግሌ ሁሉ በረሃብ እየተቁለጨለጨ ያንቺን ሳህን አየን።»

ቴሆ ከኋለኛው ክፍል ወጣ፤ ጺሙን አልተላጨም። ፖስታውን ዘረጋሁለት። አቧራውን አየ፣ መንደሪኑ የተወበትን ጥቁር ክብ አየ፣ ደግሞ እኔን አየ።

«የት ነበር?»

«ከፍሪጄ ጀርባ። ሳምቹን ያስቀመጡትን ነፋስ ጥሎት። ዛሬ ጠዋት ነው ያነበብኩት።»

የእናቱ እጅ ሰሌዳው ላይ ቆመ።

«ትናንት ሲያደርጉት ደስ አለዎት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

መዋሸት እችል ነበር። «ደስ አለኝ» አልኩት። «እስከ ቤቴ በር ድረስ።»

ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ያ ዝምተኛ ሰው ድምፁ ተሰበረ። «እኔ አራት ወር ሙሉ ከሁሉ ቀድሜ እየመጣሁ ምድጃዎን ለኮስኩ። እምቢ ያለችኝ ሴት እንዳይበርዳት ብዬ! ትናንትም ለኩሼ ነበር። በዚያው ሙቀት ውስጥ ቆመው ነው የአባቴን ቤት ያፈረሱት። አስራ ስምንት ልጆች ናቸው የቀሩኝ። መቃብሩ ፊት በደልኩዎ፤ አልካድኩም፤ ግን ይህን ያህል በድዬ ነበር?»

«አይደለም» አልኩ። «ይቅር በለኝ።»

«አልችልም። ዛሬ አልችልም።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እያልኩ አራት ወር የፎከርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ወጊዋ እኔ ሆንኩና ቃሉ ዞሮ ለእኔው መጣ። ከቦርሳዬ እሱ የፈረመውን መልቀቂያ አወጣሁና ቢጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«የማዶውን ሥራ ትቼዋለሁ» አልኩት። «ሰኞ የሃያ ሦስቱንም እናቶች በር አንኳኳለሁ። ልጆቻችሁን ያስወጣሁት ለቂሜ ነው፣ ቴሆ ምንም አልጎደለበትም እላቸዋለሁ። የጁኖ እናት ትሰድበኛለች፤ ትስደበኝ። ይህ ወረቀት ያንተ ነው። ከቀደድከው እቀራለሁ። ካልቀደድከው በሳምንቱ ከደሴቱ እወጣለሁ፣ አልፈርድብህም። እኔ ተበቅያለሁ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው።»

ወረቀቱን አነሳ። ጫፉን በጣቶቹ ያዘ። አልቀደደውም። አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ፣ ከራሱ ደብዳቤ ጋር ከተተው። ፊቱ ምንም አይነበብበትም ነበር። በአጠገቤ አልፎ በሩን ከፍቶ ወጣ። አለቀ፣ በቃ፣ ሄደ አልኩ በልቤ፤ እግሬ ግን ተከተለው።

የዝናቡ ጠብታ ጀምሯል። ቴሆ ደጅ የተገተረው ፍሪጄ ጋ ቆሞ ዙሪያውን፣ ከዚያም ጀርባውን አየ። በእጁ አንድ ጊዜ በጥፊ መታው። የሚመታው እኔን እንደሆነ አወቅኩ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ጠርዝ ያዘ።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አለ ቀና ሳይል። «ዝናብ ሳይመታው በዚያ በኩል ያዢው።»

ሄጄ ያዝኩት። ከውስጥ ወይዘሮ ያንግ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልንና መንገዱን ከያዙት ጠረጴዛዎች አንዱን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። አልሳቁልኝም። መልቀቂያው አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው፣ ይቅርታውም አሁንም አፉ ውስጥ ነው። ፍሪጁ ደግሞ እንደ ኃጢአቴ ከብዶኝ ነበር፤ ቴሆ ግን በወዲያኛው በኩል ይዞልኝ ነበርና፣ እያለቀስኩ ተሸከምኩት።